ከሥሩ ሙት የሌለው ድንጋይ፦ የጢያ ትክል ድንጋዮችና የቪዲዮ ጨዋታ ዓለማት ሃይማኖታዊ ትእምርት

1. መንደርደሪያ

ትክል ድንጋይ በቪዲዮ ጨዋታ ዓለማት ውስጥ እጅግ የተለመደ ነገር ነው። ተጫዋቹ በማያውቀው አገር ሲዘዋወር ከኮረብታ ላይ፣ ከጫካ መካከል ወይም ከወንዝ ዳር ቀጥ ብሎ የቆመ ጥርብ ድንጋይ ያገኛል። ድንጋዩ ላይ ምልክት ተቀርጾበታል። ተጫዋቹ ቀርቦ ሲነካው አንድ ነገር ይሆናል፤ ወይ ኃይል ይጨመርለታል፣ ወይ በር ይከፈትለታል፣ ወይም "እምነት" የሚባል ቍጥር ከፍ ይልለታል። ምልክት የተቀረጸበት ትክል ድንጋይ በአገራችንም አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ በሶዶ ምድር፣ ጢያ ላይ እንዲህ ያሉ 36 ድንጋዮች ይገኛሉ። የጢያን ድንጋይ ግን ቢነኩት ምንም አይሆንም። ዝም ይላል።

የዚህ መጣጥፍ ዓላማ የሚናገረውን ድንጋይና ዝም የሚለውን ድንጋይ ጎን ለጎን አቁሞ ማንበብ ነው። ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ግን ሊነሣ የሚችል አንድ ጥያቄ ማስተናገድ ይገባኛል። የቪዲዮ ጨዋታ ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ጋር ምን አገናኘው? መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንደሚታወቀው ቃላዊ ሥነ ጽሑፍም በአንድ ወቅት ከጥናታችን አጥር ውጭ ነበር፤ ዛሬ ግን ተረቱ፣ እንቆቅልሹና ሙሾው በየትምህርት ክፍሉ የሚጠና ሆኗል። መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ሴራና ትእምርት ያለው ነገር ሁሉ የሐያሲ ሥራ ነው፤ የቪዲዮ ጨዋታም እነዚህ አራቱ አሉት። ሁለተኛ፣ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ፕሌይስቴሽን ቤት የወጣቱ መዋያ ከሆነ ሰንብቷል። እርግጥ ነው፣ እዚያ በብዛት የሚታየው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ኮምፒዩተር በእጁ የገባ ተማሪ ግን ከኳሱ አልፎ አገር የሚመሠረትበትን፣ ሃይማኖት የሚታወጅበትን፣ ሐውልት የሚተከልበትን ጨዋታ ይጫወታል። ክፍል ውስጥ ስለ ትእምርት ስናስተምረው ትእምርትን የማንበብ ልማድ ከዚያ ይዞ የመጣ ነው።

የመከራከሪያ ነጥቤ ባጭሩ ይህ ነው። ብዙዎቹ ጨዋታዎች ትክል ድንጋይን ሲወስዱ ምልክቱን ይወስዱና ከሥሩ ያለውን ሙት ይተዋሉ። ሙቱ ሲቀር ድንጋዩ ጥቅም ብቻ ይሆናል። ይህ ልማድ የጨዋታ ሠሪዎች ብቻ እንዳልሆነ፣ በእኛም የንባብ ክፍል ውስጥ እንዳለ ለማሳየት እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የጢያ ድንጋይ እንደ ጽሑፍ

ጢያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በ1980 ነው። በሶዶ አካባቢ ከተመዘገቡት 160 ያህል ጥንታዊ ሥፍራዎች አንዱና ዋነኛው ሲሆን፣ ከ36ቱ ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ አለባቸው። በ1920ዎቹ አባ አዛይስ የተባሉ ፈረንሳዊ ካህን በደቡብ ኢትዮጵያ ያሉ ትክል ድንጋዮችን እየዞሩ መዝግበዋል፤ ከእርሳቸው በኋላ ፍራንሲስ አንፍሬይና ሮጀር ዡሶም የተባሉት ፈረንሳውያን የቅርስ ተመራማሪዎች ጥናቱን ገፍተውበታል። የዡሶም የጢያ ጥናት በ1995 በመጽሐፍ መልክ ታትሟል።

በድንጋዮቹ ላይ ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው፤ ጫፉ ሾጣጣ፣ እጀታው የተለየ፣ አንዳንዱ ድንጋይ ላይ ብቻውን፣ ሌላው ላይ ተደርድሮ። ከሰይፉ ሌላ ክብ ቅርጽ አለ፤ የተጠላለፉ መስመሮች አሉ፤ ከታች በኩል ደግሞ እንደ ቅርንጫፍ ወደ ላይ የተዘረጋ ቅርጽ አለ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ ምልክትን በሦስት ከፍሎ ነበር፤ የሚወክለውን በመምሰል የሚያሳውቅ ምስል፣ ከሚወክለው ጋር በተጨባጭ ተያይዞ የሚያመለክት ጠቋሚ፣ በሰዎች ስምምነት ብቻ ትርጉም የሚያገኝ ትእምርት። ይህ አከፋፈል ለጢያ ሰይፍ ተመቺ ነው።

ሰይፉ እንደ ምስል አስተማሪ አያሻውም፤ ሕፃን ልጅም ሰይፍ መሆኑን ያውቀዋል። እንደ ጠቋሚ ደግሞ ድንጋዩ ወደ ታች ያመለክታል። ቁፋሮው እንዳሳየው ጢያ መካነ መቃብር ነው። የተቀበሩት ወንዶችም ሴቶችም ሲሆኑ፣ ዕድሜአቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚገመት ወጣቶች ናቸው፤ የተቀበሩትም እንደ ፅንስ ታጥፈው ነው። እዚህ ድረስ ምስሉም ጠቋሚውም ይናገራሉ። ሦስተኛው፣ ማለትም ትእምርቱ፣ ጠፍቷል። ለምን አንዱ ድንጋይ ብዙ ሰይፍ፣ ሌላው ክብ ብቻ እንደያዘ የሚያስረዳው ስምምነት ስምምነቱን ከገቡት ሰዎች ጋር ተቀብሯል።

ይህ የጠፋ ትእምርት ባዶ ሆኖ እንዲቀመጥ የሚፈቅድ አንባቢ ግን ጥቂት ነው። ሥፍራውን የሚያስጎበኙ ሰዎች የሰይፉ ብዛት ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ቍጥር ያሳያል ይላሉ፤ የታችኛውን ቅርጽ እንሰት ነው የሚልም አለ። በተማሪዎቻችን የጥናት ጽሑፎች ውስጥ ይኸው ፍቺ "ሊሆን ይችላል" የምትለውን ቃል ጥሎ እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ደጋግሜ አይቻለሁ። ፍቺው ማራኪ ነው፤ በእንሰት አገር እንሰት ማየት፣ በጀግና አገር የጀግና ቍጥር መፈለግ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ከድንጋዩ ላይ የተነበበ ሳይሆን በድንጋዩ ላይ የተጫነ ነው። ቍጥርን ከግዳይ ጋር የሚያያይዘው ከእኛ የፉከራና የቀረርቶ ባህል ነው፤ ያንን ወስደን ፎክረው እንደሆነ በማናውቃቸው ወጣቶች መቃብር ላይ እናነባለን።

ሌላ የሚያባብል ፍቺም አለ። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ዊልያም ሻክ በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰባት ቤት ጉራጌን የቀድሞ እምነት ገልጸዋል፤ ዋቅ የሰማዩ፣ ቦዠ የመብረቁ፣ ደምዋምዊት የሴቶቹ አምልኮ ማዕከል ነበሩ። ዋቅ ከጦርነት ጋርም ይያያዛል። እንግዲህ እዚህ ላይ የጦርነት አምላክ፣ እዚያ ላይ ሰይፍ የተቀረጸበት ድንጋይ፤ ሁለቱን ማገናኘት እንዴት ይቀላል! ነገር ግን ሻክ የጻፉት ስለ ሰባት ቤት፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስላዩትና ስለ ሰሙት ነው። የጢያ ድንጋይ ያለው በሶዶ ነው፤ የቆመውም በመካከለኛው ዘመን ነው። በሁለቱ መካከል የብዙ መቶ ዓመታት ርቀት አለ። ርቀቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚዘል ጸሐፊ ሐያሲነቱን ትቶ ጨዋታ ነዳፊ ሆኗል ማለት ነው፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩ በሚቀጥለው ክፍል ይታያል።

ከሁሉም የምለየው የአካባቢውን ሕዝብ ስያሜ ነው። ድንጋዮቹ "የግራኝ ድንጋይ" ይባላሉ። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ድንጋዮቹ ከዚያ ይቀድማሉ። በታሪክ ሚዛን ስያሜው አይጸናም። በሥነ ጽሑፍ ሚዛን ግን ሌላ ክብደት አለው። ስያሜው ስለ ሰይፉ ብዛት አይፈርድም፤ የክቡን ትርጉም አይነግረንም። የሚለው ይህ ሥፍራ ከብዙ ሞት ጋር የተያያዘ ነው ነው። ትእምርቱ ቢጠፋም ሕዝቡ ጠቋሚውን አልሳተም፤ ድንጋዩን ከሙት አልለየውም።

በቅኔ ቤት ልማድ ሰሙን ሰምቶ ወርቁ የጠፋበት ተማሪ ወደ መምህሩ ይሄዳል። የጢያ ሰም በአደባባይ ቆሟል፤ ወርቁን የሚያወጣ መምህር ግን የለም። ሐያሲ በዚህ ጊዜ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወርቁን ከራሱ ማበጀት ወይም ሰሙን ሰም ብሎ ማክበር።

3. ድንጋይ እንደ ጥቅም

በ2011 የወጣው ስካይሪም የተባለው ጨዋታ በሰሜን አውሮፓ ምድር አምሳል በተበጀ ዓለም ውስጥ 13 ትክል ድንጋዮችን በትኗል። እያንዳንዳቸው ከከዋክብት ስብስብ ስም ወርሰዋል፤ ጦረኛው፣ ጠንቋዩ፣ ሌባው፣ እመቤቲቱ፣ እባቡ እያሉ ይሄዳሉ። ተጫዋቹ አንዱን ሲነካ የድንጋዩን በረከት ይቀበላል። የጦረኛው ድንጋይ የውጊያ ሙያን ቶሎ ያሳድጋል፤ የሌባው የስርቆትን። ሐሳቡን የለወጠ ተጫዋች ወደ ሌላ ድንጋይ ሄዶ በረከቱን ይቀይራል።

እዚህ ላይ በፐርስ አከፋፈል የሆነውን እንመልከት። ጨዋታው ድንጋይ ይዟል፤ ቅርጽ ይዟል፤ ከሁሉም በላይ የጢያ ድንጋይ የሌለውን ትእምርት አሟልቶ ይዟል። ማን ምን ማለት እንደሆነ አንድም ጥርጥር የለም። የጎደለው ጠቋሚው ነው፤ ድንጋዩ ከሥሩ ወደ ማንም አያመለክትም። የሚያመለክተው ወደ ተጫዋቹ ነው። እኔ ማን ነኝ፣ ምን ላተርፍ ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ የመታሰቢያ ተቃራኒ ይሆናል፤ መታሰቢያ ያለፈውን ሰው ወደ ቆመው ሰው ያመጣል፣ ይህ ግን የቆመውን ሰው ብቻ ያያል።

በእርግጥ ስካይሪምን ለዚህ መክሰስ አይገባም። ዓለሙ ፈጠራ ነው፤ ድንጋዩም የማንም መቃብር ነኝ አላለም። ልብ ወለድ ለራሱ ዓለም ሕግ የማውጣት መብት አለው። ችግሩ የሚጀምረው ጨዋታው በስም የሚታወቅ አገር በስም የሚታወቅ ድንጋይ ሲያነሣ ነው።

4. እምነት እንደ ገንዘብ

ሲቪላይዜሽን 5 የተባለው ጨዋታ በ2012 ባወጣው "ጎድስ ኤንድ ኪንግስ" በተሰኘው ተጨማሪ ክፍሉ ኢትዮጵያን አስገብቷል። መሪዋ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ልዩ ሠራዊቷ መሀል ሰፋሪ፣ ልዩ ችሎታዋ ከዐድዋ የተወሰደ ነው። ልዩ ሕንፃዋ ደግሞ ትክል ድንጋይ ነው። ሌሎች አገሮች ተራ ሐውልት በሚሠሩበት ቦታ ኢትዮጵያ ይህን ትሠራለች፤ ከተራው ሐውልት የሚለየውም በየዙሩ 2 ነጥብ እምነት ስለሚጨምር ነው። የመጀመሪያውን አምልኮ ለመመሥረት 10 ነጥብ ያስፈልጋል። አንድ ድንጋይ የተከለ ተጫዋች በአምስት ዙር አምላኩን ይመርጣል ማለት ነው። ከሚመርጣቸው አምልኮዎች አንዱ "የድንጋይ ክበቦች" ሲሆን፣ ድንጋይ በሚፈለጥበት ቦታ ሁሉ ተጨማሪ 2 ነጥብ ያስገኛል። ነጥቡ ሲከማች ሃይማኖት ይመሠረታል፤ የሃይማኖቱ ስምና ዓርማ ከዝርዝር ይመረጣል፤ ከዚያ በነጥቡ ሚስዮናውያን ይገዛሉ።

ኢያን ቦጎስት የተባለው የጨዋታ ሐያሲ በ2007 ባሳተመው መጽሐፉ ጨዋታ አንባቢውን የሚያሳምነው በደንቡ አማካይነት መሆኑን ያስረዳል፤ ተጫዋቹ ደንቡን ሲፈጽም ክርክሩን ይቀበላል። በዚህ መነጽር ስናየው የሲቪላይዜሽን ደንብ ሦስት ነገር ይላል። ድንጋይ እምነትን ያመነጫል፤ እምነት ይቈጠራል፤ የተቈጠረው ነገር ይገዛል። በእንግሊዝ ያለው ስቶንሄንጅም በዚሁ ተጨማሪ ክፍል በየዙሩ 5 ነጥብ ያስገኛል፤ በተከታዩ ሲቪላይዜሽን 6 ደግሞ ለሠራው ሰው አንድ ነቢይ በነጻ ይሰጣል። ስቶንሄንጅ በመጀመሪያ ዘመኑ የተቃጠሉ ሙታን ዐፅም የሚቀበርበት ቦታ መሆኑ በቁፋሮ የታወቀ ነው። በጨዋታው ነቢይ ከድንጋዩ ይወጣል፤ ሙት ግን ወደ ድንጋዩ አልገባም።

የአክሱም ሐውልቶች ይህን ደንብ ፊት ለፊት ይቃወማሉ። እነርሱም የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ በሥራቸውና በዙሪያቸው የመቃብር ክፍሎች ተገኝተዋል። የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰውና በ2008 እንደገና የቆመው 24 ሜትር ያህል ነው። ጠራቢዎቹ ድንጋዩን የፎቅ ቤት አስመስለው ቀርጸውታል፤ መስኮት ከመስኮት ተደራርቧል፤ ከግርጌውም በር አለው። በሩ አይከፈትም። ለማስመሰል የተሠራ፣ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ያልተለየ በር ነው። በጨዋታ ዓለም የማይከፈት በር ተጫዋቹን ያናድዳል፤ ወይ ቁልፍ ይፈለግለታል ወይ ጌጥ ነው ተብሎ ይታለፋል። በአክሱም ግን ትርጉሙ ያለው አለመከፈቱ ላይ ነው እላለሁ። በአንድ በኩል ያለነው እኛ ነን፤ በሌላው በኩል ያለው ቤቱ የተሠራለት ሰው ነው።

የእምነቱም ነገር ከነጥብ ይወሳሰባል። ሐውልቶቹ የቅድመ ክርስትና ዘመን ናቸው። ንጉሥ ዒዛና በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ የነበረው ጨረቃና ክብ ቅርጽ በመስቀል ተተክቷል። ሐውልቱ ግን በቦታው ቆየ፤ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በአጠገቡ ተሠራች። የአንዱ እምነት ድንጋይ በሌላው እምነት መካከል፣ ሳይፈርስም ሳይመለክም፣ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ መኖር ምን ዓይነት ሃይማኖታዊ ግንኙነት ነው? ይህን የሚይዝ ነጥብ የለም። ትልቁ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ሲቪላይዜሽን 6 በ2020 ባወጣው የኢትዮጵያ ክፍል መሪውን ዳግማዊ ምኒልክ አድርጎ ከድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያንን ልዩ ሥራችን አድርጎታል። በዚሁ ክፍል የኢትዮጵያ ተጫዋች የቅርስ ቆፋሪዎችንና የቅርስ ሙዚየሞችን በእምነት ነጥብ መግዛት ይችላል። ነዳፊዎቹ ምጸት አስበው ባይሆንም ምጸቱ አለ፤ እምነት የእምነትን መቃብር የሚቆፍረውን ሰው ደመወዝ ከፈለ። በ2025 የወጣው ሲቪላይዜሽን 7 ደግሞ አክሱምን ራሱን ችሎ የሚቆም ሥልጣኔ አድርጎ "ሐውልት" የሚለውን የራሳችንን ቃል ለድንጋዩ ሰጥቶታል። የስሙ መመለስ ደግ ነገር ነው። ደንቡ ግን ያው ነው፤ የሚተከለው ድንጋይ ለተካዩ ያስገኛል እንጂ ስለ ተቀበረው አይናገርም።

5. ሙቱን ያልተወ ጨዋታ

እስካሁን ያልኩት ጨዋታ እንደ ኪነት ዓይነት ለዚህ ነገር አይሆንም ያሰኝ ይሆናል። አይደለም። ሆላንዳዊው የታሪክ ሊቅ ዮሐን ሁይዚንጋ በ1938 ባሳተመው "ሆሞ ሉደንስ" የጨዋታ ሜዳና የአምልኮ ሥፍራ በቅርጽ አንድ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ሁለቱም ከዕለት ኑሮ ተከልለው የራሳቸው ደንብ የሚገዛቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ ጨዋታ ቅዱስ ሥፍራን ለመሥራት ከልብ ወለድ ይልቅ የቀረበ መሣሪያ አለው። ሁለት ምሳሌ ላቅርብ።

የመጀመሪያው በ2020 የወጣው አሳሲንስ ክሪድ ቫልሃላ ነው። በጥንታዊት እንግሊዝ መልክ በተሠራው ዓለም ውስጥ ምልክቶች በተለያዩ ድንጋዮች ላይ ተበታትነው ተቀርጸዋል፤ ተጫዋቹ እየዞረ፣ እየወጣና እየወረደ የተበታተነው መስመር አንድ ቅርጽ ሆኖ የሚታይበትን ሥፍራ መፈለግ አለበት። ይህ ለማስተማሪያ የሚሆን የንባብ ምሳሌ ነው፤ ትርጉም በቆምንበት ቦታ እንደሚወሰን በእግር ያስተምራል። ድክመቱ ትክክለኛው ቦታ አንድ ብቻ መሆኑና ከተገኘ በኋላ ድንጋዩ መዘጋቱ ነው።

ሁለተኛውና የላቀው ጃፓናዊው ፉሚቶ ኡዌዳ የመራው፣ በ2005 የወጣው "ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ" ነው። አንድ ወጣት የሞተች ልጃገረድ በፈረስ ጭኖ ሰው ወደማይኖርበት አገር ይመጣል፤ ከቤተ መቅደስ መሠዊያ ላይ ያጋድማታል። በቤተ መቅደሱ ግራና ቀኝ 16 የድንጋይ ጣዖታት ቆመዋል። አንድ ድምፅ ከላይ ይናገራል፤ በምድሪቱ ላይ ያሉትን 16 ግዙፍ ፍጡራን ብትገድል ልጅቷ ልትነሣ ትችላለች፣ ዋጋው ግን ከባድ ሊሆን ይችላል ይለዋል። አንድ ግዙፍ በተገደለ ቍጥር አንድ ጣዖት ይፈርሳል። ወጣቱ ሰይፉን ወደ ፀሐይ ሲያነሣ ብርሃኑ ወደሚቀጥለው ግዳይ ይመራዋል።

የዚህ ጨዋታ ሃይማኖት ስሙ፣ መጽሐፉና ሥርዓቱ በዝርዝር አይገለጽም። በግዙፎቹ ገላ ላይ ያሉት ቅርጾች አይተረጎሙም። ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ከአንድ ሞት ጋር ታስሯል፤ ድንጋዩ ሲፈርስ ተጫዋቹ የሚያስበው ያተረፈውን ሳይሆን ያጠፋውን ነው። ወጣቱም ከገድል ወደ ገድል መልኩ እየጠቆረ ይሄዳል። እዚህም ሰይፍ አለ፤ እዚህም ቍጥር አለ፤ እዚህም ወጣት ሙት አለች። ከጢያ ጋር ያለው ግጥጥሞሽ የታሰበ አይደለም፤ ጢያን ለማንበብ የሚጠቅመን ግን ከሁሉም ይበልጣል። የሰይፉ ብዛት የግዳይ ቍጥር ነው የሚለውን ፍቺ የሚወድ ተማሪ ይህን ጨዋታ ቢጫወት፣ ፍቺው እውነት ቢሆን እንኳ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሚል ይገባዋል። "አምስት ገደለ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ለፉከራ ቀላል ነው። አምስት ድንጋይ ሲፈርስ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

6. ከእኛ የሚጠበቀው

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? በአገራችንም ኩኩሉን የመሰሉ የስልክ ጨዋታዎች ተሠርተዋል፤ ነገ ጢያን በጨዋታ የሚያስገባ ወጣት ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ እንደሚወጣ አልጠራጠርም። ያ ወጣት ድንጋዩ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቀው እኛን ነው። "ሰይፍ ማለት ግዳይ፣ ቅርንጫፍ ማለት እንሰት፣ አምላኩ ዋቅ" ብለን የቃላት መፍቻ ከሰጠነው፣ መፍቻውን ወደ ነጥብ መለወጥ ለእርሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሲቪላይዜሽንን ደንብ እኛው በክፍል ውስጥ ጽፈን ሰጠነው ማለት ነው።

ጉዳዩ ሌላም ወገን አለው። ቡታጅራና ወልቂጤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። የጢያ ድንጋዮች ዛሬ ባለው በየትኛውም ሃይማኖት መዝገብ ውስጥ አልገቡም፤ "የግራኝ ድንጋይ" መባላቸው ወደ አንዱ ይስባቸዋል፣ የተጠላለፈው መስመር መስቀል ነው የሚል አንባቢ ቢነሣ ወደ ሌላው ይስባቸዋል። ትእምርቱ የጠፋበት ድንጋይ ለመጣው ሁሉ ባዶ ሰሌዳ ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹ ከዝርዝር ዓርማ መርጦ እንደሚለጥፍ ሁሉ እኛም ዓርማችንን ልንለጥፍበት እንችላለን። ሐያሲ ሊከላከለው የሚገባው ይህን ነው። ስለ ሟቾቹ እምነት የምናውቀውን ያህል ብቻ መናገር ለሕያዋኑም ሰላም ይጠቅማል።

ትርጉሙ ያልጠፋ ትክል ድንጋይ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ወደ ኮንሶ ይመልከት። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከታዩለት ነገሮች አንዱ "ዳጋ ሄላ" የሚባለው፣ ትውልድ ለትውልድ ኃላፊነት ሲያስረክብ የሚተከለው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ይፈለጣል፣ ይጓጓዛል፣ በሥርዓት ይቆማል። ትርጉሙ በቅርጹ ላይ አልተጻፈም፤ የተሸከሙት ሰዎች ትከሻ ላይ ነው ያለው። ተሸካሚ እስካለ ድረስ መፍቻ አያሻውም። በ2023 የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድርም በትክል ድንጋዮቹ የታወቀ ነው። ከሶዶ እስከ ጌዴኦ ባለው ሰፊ ምድር ድንጋይ ያቆሙት ሰዎች ሁሉ አንድ ሕዝብ አንድ እምነት ነበሩ የሚል ድምዳሜ ግን ሌላው ችኩል ፍቺ ነው። ቅርጾቹ ይለያያሉ፤ ልዩነቱም መነበብ አለበት።

ከዚህ በመነሣት ለሥነ ጽሑፍ መምህራን አንድ የሥራ ሐሳብ አቀርባለሁ። ተማሪ ስለ ጢያ ሲጽፍ አራት ነገር ለይቶ ያስቀምጥ፤ በመጀመሪያ በድንጋዩ ላይ የሚታየውን፣ ቀጥሎ ከድንጋዩ ሥር የተገኘውን፣ ከዚያ ሰዎች የሚሉትን፣ ማን እንደሚለው ጭምር፣ በመጨረሻም ማንም የማያውቀውን። አራተኛውን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ጽሑፉ አካል ይቁጠረው። የጨዋታ ተሰጥኦ ያለው ተማሪ ቢገኝ ደግሞ እነዚህኑ አራቱን በደንብ መልክ እንዲነድፍ ይጠየቅ፤ ድንጋዩ ሲነካ ነጥብ የማይሰጥ፣ የተለያዩ ሰዎች የተለያየ ነገር የሚሉበት፣ ከሥሩ ያለው ወጣት የማይረሳበት ጨዋታ እንዴት ይሠራል? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ "ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ" ግን የማይቻል እንዳልሆነ ያሳየናል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት የጢያ ድንጋይ ምስሉና ጠቋሚው ተርፈው ትእምርቱ የጠፋ ጽሑፍ ነው። የብዙዎቹ የቪዲዮ ጨዋታዎች ድንጋይ ደግሞ ትእምርቱ ተሟልቶ ጠቋሚው የተቆረጠ ነው። የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው ማንበብ፣ ማለትም የጠፋውን ትርጉም ከራስ ሞልቶ የተገኘውን ሙት መርሳት፣ የጨዋታ ነዳፊውም የተማሪውም የመምህሩም ፈተና ነው። የአካባቢው ሕዝብ ዘመኑን ቢስትም ሙቱን ያልለቀቀ ስያሜ መስጠቱ ከእኛ የተሻለ አንባቢ ያደርገዋል።

ጢያ ላይ የተቀበሩት ወጣቶች ስማቸው አልደረሰንም። ድንጋይ ያቆመላቸው ሰው ግን እንዲታወሱ ፈልጎ ነበር፤ ከቅርጾቹ ሁሉ ያለ ጥርጥር የምናነበው አንድ መልእክት ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ባይፈታ እንኳ ይህን ማንበብ የቻለ ተማሪ ድንጋዩን አንብቧል እላለሁ።